የአንድ ፍሪ ኤጀንት ዋጋ እንዴት ነው የምትገምቱት? እኔ በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር አልኩ፣ ጓደኛዬ 12

ባክቦርድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተነታረክንበት ነገር አለ፣ እዚህ የኤንቢኤን (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮንትራት አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ እስቲ ፍረዱን። ጉዳዩ ዘንድሮ ኮንትራቱ የሚያልቅ፣ ማለት ፍሪ ኤጀንት ሆኖ አዲስ ኮንትራት የሚፈርም አንድ ተጫዋች ነው፣ ስሙን ሆን ብዬ አልጠራም፣ ከጠራሁት የሚወደውም የሚጠላውም ይመጣና ጥያቄዬ በስድብ መሃል ይጠፋል። ልጁ 27 ዓመቱ ነው፣ ዊንግ (የዳር ተጫዋች) ነው፣ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ በጨዋታ 13 ነጥብ አካባቢ ያገባል፣ ከሦስት ነጥብ መስመር በጨዋታ 5 ጊዜ ሞክሮ 38 በመቶውን ያስገባል፣ ዲፌንስ ላይ ጋርድም ፎርዋርድም ይይዛል። ችግሩ ባለፉት ሁለት ሲዝኖች 60 ጨዋታ እንኳን አልሞላም፣ ያለፈው 58 ነበር። አሁን የሚከፈለው በዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ እዚህ ቲም ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው። ብሩስ ብራውን በ2023 ከዴንቨር ወጥቶ ኢንዲያና ሲሄድ 2 ዓመት በ45 ሚሊዮን ነበር፣ ያኔ 11.5 ነጥብ ነበር የሚያገባው። ካልድዌል ፖፕ በሚቀጥለው ሰመር ከዛው ከዴንቨር ኦርላንዶ ሲሄድ 3 ዓመት በ66 ሚሊዮን፣ እሱ ደግሞ 10.1 ነጥብ። እና የኔ ልጅ ከሁለቱም በላይ ያገባል፣ ከካልድዌል ፖፕ በዕድሜ ያንሳል፣ ካፑም (ሊጉ በየዓመቱ ለአንድ ቲም ደሞዝ የሚያስቀምጠው ጣሪያ) ከዛ ወዲህ አድጓል፣ ስለዚህ በዓመት 25 ሚሊዮን። ጓደኛዬ ደግሞ "በየሲዝኑ ሩቡን ሐኪም ጋ ለሚያሳልፍ ሰው 12 በቂው ነው" ይላል፣ ከየት አመጣኸው ሲባል "ስሜቴ ነው" ነው መልሱ። ስሜት አልወድም፣ ግን የኔም ሂሳብ ቢሆን ስሜት በቁጥር ሸፍኜ ይሆን እንዴ ብዬ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። እናንተ እንዴት ነው የምትሰሩት?

ፒቮት፦
ቅድሚያ ኤጀንቱ (ወኪሉ) ማን እንደሆነ ንገረን።

ቁጥር_ሰው፦
ወንድሜ ነጥብን ተወው። በነጥብ ዋጋ የምታወጣ ከሆነ ሴንተሩን ሃርተንስታይንን ምን ልትለው ነው? 2023-24 ላይ ኒክስ ጋ በጨዋታ 7.8 ነጥብ ነበር፣ ሰመር ላይ ተንደር 3 ዓመት በ87 ሚሊዮን አስፈረመው፣ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 30 ሚሊዮን። በተቃራኒው ካም ቶማስ ብሩክሊን ጋ 2024-25 ላይ በጉዳት 25 ጨዋታ ብቻ ቢሰለፍም በአማካይ 24 ነጥብ አገባ፣ በ2025 ሰመር የፈረመው ግን የአንድ ዓመት 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። 7.8 ነጥብ በ30 ሚሊዮን፣ 24 ነጥብ በ6 ሚሊዮን። በነጥብ መገመት እዚህ ላይ አለቀ።

እኔ የምሰራው በድል ነው። እያንዳንዱ ቲም 82 ጨዋታ ስለሚጫወት 30 ቲም በጠቅላላ 1230 ድል ነው የሚካፈለው፣ አይጨምርም አይቀንስም። በሚኒመም ደሞዝ (ሊጉ በሚፈቅደው ትንሹ) ከየትም በሚገኙ ተጫዋቾች ብቻ የተሰራ ቲም በሲዝን 10 ድል ያገኛል ብለህ ያዝ (ግምት ነው፣ 8ም በል 12ም በል መልሱ ብዙ አይቀየርም)። 30 ጊዜ 10 ሲቀነስ 930 ድል ይቀራል፣ በገንዘብ የሚገዛው እሱ ነው። አሁን ገንዘቡን ና፣ ቲሞች በአማካይ 170 ሚሊዮን ያወጣሉ ብንል 5.1 ቢሊዮን ነው፣ ከዛ ላይ የ15 ሰው ሚኒመም፣ በነፍስ ወከፍ 2.3 ሚሊዮን፣ ለ30 ቲም ስትቀንስ ወደ 4.1 ቢሊዮን ይቀርሃል። ለ930 አካፍለው፣ አንድ ድል 4.4 ሚሊዮን ገደማ። ከዛ የልጅህን ከሚኒመም ተጫዋች በላይ የሚያመጣውን ድል ታባዛለህ፣ ሚኒመሙን መልሰህ ትደምራለህ፣ አለቀ። ድሉን ከየት አመጣዋለሁ ካልከኝ ተዘጋጅተው የሚወጡ ስታቶች አሉ፣ ለምሳሌ ቮርፕ የሚባለውን (አንድ ተጫዋች ከተራ ተተኪ በላይ የሚያመጣውን የሚለካ ነው) በ2.7 ብታባዛው በድል ይሰጥሃል። ፍፁም አይደሉም፣ በተለይ ዲፌንስ ላይ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ሦስት አራቱን አይተህ መሃሉን ውሰድ።

ሌላው ደግሞ ዶላርን ከዶላር ጋ አታወዳድር፣ ከካፑ ስንት በመቶ ነው በል። 2016ን ታስታውሳላችሁ፣ ካፑ በአንድ ሰመር ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ፣ አዲስ የቲቪ ገንዘብ ገብቶ፣ የተጫዋቾች ማህበሩ ደግሞ ቀስ በቀስ ይግባ የሚለውን አልቀበልም ብሎ። ያኔ ነው ሌከርስ ሴንተሩን ሞዝጎቭን በ4 ዓመት 64 ሚሊዮን ያስፈረመው። ዓለም ሳቀ። 16 ሚሊዮን ከዛ ዓመት ካፕ 17 በመቶ ነው፣ በ2025-26 የ154.6 ሚሊዮን ካፕ ብታየው 26 ሚሊዮን ማለት ነው። የሞዝጎቭን 16 ዛሬ ብትሰማው "እርካሽ ነው" ትል ነበር፣ ስታሰላው ግን አንተ ለልጅህ ካልከው 25 ይበልጣል።

ባክቦርድ፦
ቁጥር_ሰው በጣም አመሰግናለሁ፣ ሞዝጎቭ ላይ አፈርኩ። አሁን ሳየው ብራውን ከ136 ሚሊዮን ካፕ 22 ሲሆን 16 በመቶ ነው፣ ካልድዌል ፖፕም ከ140.6 ወደዛው ነው። 16 በመቶ በ154.6 ሲሰላ 24.7 ሚሊዮን፣ እና በኔው በ25ቱ ላይ አረፍኩ፣ ዶላር ለዶላርም ሆነ በመቶ። በድል ደግሞ አሁን ሞከርኩት፣ 3.5 ድል አገኘሁ። 3.5 በ4.4 15.4፣ ሚኒመሙ ሲደመር 17.7 ሚሊዮን። ስለዚህ በአንዱ 25 በሌላው 17.7። የትኛውን ልያዝ?

ቁጥር_ሰው፦
3.5 የቱ ነው፣ በተጫወተው 58 ጨዋታ ያመጣው ነው ወይስ ወደ ሙሉ ሲዝን ተቀይሮ?

ባክቦርድ፦
ወደ 82 የተቀየረ ነው።

ቁጥር_ሰው፦
ኦኬ እሱ ነዋ። 82 ተጫውቶ አያውቅም፣ እንግዲህ ለ58 ስትመልሰው 2.5 ድል ነው፣ 11 ሚሊዮን፣ ከሚኒመሙ ጋ 13.3። በስሜቱ 12 ባለው ጓደኛህ ላይ መሳቅ አቁም።

ባክቦርድ፦
ይሄን ስክሪንሾት አንስቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቀኑ ተበላሸ።

ሌሊት_ተመልካች፦
ሁለታችሁም የተለያየ ጥያቄ እየመለሳችሁ ነው፣ ለዛ ነው ቁጥሩ የማይገናኘው። አንድ ተጫዋች ስንት ይገባዋል አንድ ጥያቄ ነው፣ ስንት ያወጣል ሌላ ጥያቄ ነው። ቁጥር_ሰው የሰራው የሚገባውን ነው፣ ጥሩ ሰርቶታል፣ ባክቦርድ የጠየቀው ግን የሚያወጣውን ነው። እና የሚያወጣው ነገር የሚወሰነው በልጁ ሳይሆን መጀመሪያ በገዢው ነው። ከኳስ ዝውውር የመጣ ሰው እዚህ ላይ ነው ሁሌ የሚሳሳተው፣ እዚያ ገንዘብ ያለው ይከፍላል፣ እዚህ ቢሊየነር ብትሆንም ህጉ "አትችልም" ይልሃል፣ የዝውውር ሂሳብ የሚባልም የለም፣ ያለው ደሞዝ ብቻ ነው፣ ደሞዙም ከታወቀ በር ነው የሚወጣው።

ስለዚህ እኔ ስታት ሳልከፍት በፊት ወረቀት ላይ የምጽፈው በሮቹን ነው። ለልጅህ በ2025-26 ቁጥር ላሳይህ።

አንደኛው በር ሚድ ሌቭል ነው። ከካፑ በላይ ያሉ ግን ሉክሸሪ ታክሱን (ደሞዙ ከተወሰነ መስመር ሲያልፍ ቲሙ የሚከፍለውን ቅጣት) አልፈው ያልሮጡ ቲሞች ለውጭ ተጫዋች መስጠት የሚችሉት ትልቁ ደሞዝ እሱ ነው፣ 14.1 ሚሊዮን፣ እስከ 4 ዓመት፣ በዓመት 5 በመቶ ጭማሪ፣ ሲደመር 60.6 ሚሊዮን። ይሄን የተጠቀመ ቲም የመጀመሪያውን አፕሮን (ከታክሱ መስመር በላይ ያለ ሌላ የደሞዝ መስመር)፣ 195.9 ሚሊዮንን፣ በዛ ሲዝን ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ አንድ ቲም አለው ማለት ይጠቀመዋል ማለት አይደለም። ሀብታሞቹ ያላቸው ትንሹ ሚድ ሌቭል ነው፣ 5.7፣ ሁለተኛውን አፕሮን ያለፉት ደግሞ እሱም የላቸውም፣ ሚኒመም ብቻ።

ሁለተኛው በር የራሱ ቲም ነው። ልጅህ እዛ ሁለት ዓመት ነው ያለው አልክ፣ ሦስት ቢሆን ሙሉ በርድ (ቲም የራሱን ተጫዋች ካፑን አልፎ የማስፈረም መብት) ይሆንና እስከ ማክስ (ህጉ የሚፈቅደው ትልቁ ደሞዝ) ሊሰጡት ይችሉ ነበር፣ ሁለት ሲሆን ግን ኧርሊ በርድ ነው፣ ማለት ካለፈው ደሞዙ 175 በመቶ። 9 ሚሊዮን በ1.75፣ 15.75 ሚሊዮን። 4 ዓመት በ8 በመቶ ጭማሪ 70.6 ሚሊዮን ይሆናል። የራሱ ቲም ከዛ በላይ ቢፈልግም፣ ባለቤቱ ቢለምንም፣ በዚህ በር አይችልም። ሃርተንስታይን ኒክስን ለቆ የሄደው ለዚሁ ነው፣ ኒክስ ሊሰጡት የሚችሉት ጣሪያው 4 ዓመት በ72.5 ነበር፣ ተንደር ጋ ካፕ ስፔስ (ከካፑ በታች ባዶ ቦታ) ነበረ፣ 87 በ3 ዓመት ሰጠው፣ ከዛ በሚቀጥለው ዓመት የሻምፒዮንነት ቀለበቱን አደረገ። ብራውንም እንደዛው፣ ዴንቨር ጋ አንድ ዓመት ብቻ ስለቆየ ከ6.5 ሚሊዮኑ ላይ 20 በመቶ መጨመር ነበር የሚችሉት፣ 7.8 ገደማ። የሻምፒዮን ቲም 7.8 ይዞ፣ ኢንዲያና 22 ይዞ መጣ። ይሄ ድርድር አይደለም።

ሦስተኛው በር ካፕ ስፔስ ያለው ቲም ነው። እዛ ብቻ ነው 18፣ 20፣ 25 የሚባል ቁጥር የሚኖረው። እና አሁን የብራውንንና የካልድዌል ፖፕን ኮንትራት መልሰህ እይ፣ ሁለቱም ከዚህ በር ነው የወጡት፣ ኢንዲያናም ኦርላንዶም በየሰመራቸው ባዶ ቦታ ነበራቸው። አንተ ከነሱ ጋ ስታወዳድር ሳታውቀው "በዚህ ሰመርም ባዶ ቦታ ያለው እና ዊንግ የፈለገ ቲም አለ" ብለህ ገምተሃል። በ2025 ሰመር ከባድ ካፕ ስፔስ ይዞ የገባው ብሩክሊን ብቻ ነበር። ያን ሰመር ቢሆን ልጅህ ወይ 14.1 ነው ወይ 15.75፣ መሃል ላይ እንኳን ብዙ ነገር የለም።

ለማለት የፈለግኩት፣ ዋጋው ዳገት አይደለም ቀስ እያለ የሚወጣ፣ ደረጃ ነው። 5.7፣ 14.1፣ 15.75፣ ከዛ ቀጥታ ዘሎ 20 እና ከዛ በላይ። በቁጥር_ሰው ሂሳብ ያወጣኸው 17.7 በጣም ቆንጆ ቁጥር ነው ግን እዛ ደረጃ ላይ የሚቆም ቲም ላይኖር ይችላል።

ስድስተኛው_ሰው፦
ሌሊት_ተመልካች ከመቀጠልህ በፊት፣ ልጁ ሪስትሪክትድ ነው አንሪስትሪክትድ?

ባክቦርድ፦
አንሪስትሪክትድ።

ስድስተኛው_ሰው፦
ጥሩ፣ አለበለዚያ ሌላ ጨዋታ ነበር። ሪስትሪክትድ ቢሆን ቲሙ የሌላውን ኦፈር ማች ማድረግ (እኩል ከፍሎ ማስቀረት) ይችላል፣ ሌሎቹ ቲሞች ደግሞ "ማች ሊያደርጉት ለሚችሉት ሰው ገንዘባችንን ለምን ለቀናት እናስረዋለን" ብለው አይመጡም። ኦስቲን ሪቭስ በ2023 አንድም ኦፈር ሺት (ከሌላ ቲም የሚመጣ ኮንትራት) ሳይፈርም ሌከርስ ጋ በ4 ዓመት 54 ሚሊዮን ገደማ ተመለሰ። በ2025 ደግሞ ጊዲ፣ ኩሚንጋ፣ ግራይምስ፣ ካም ቶማስ አራቱም ሪስትሪክትድ ሆነው ጁላይ አልፎ ኦገስት አልፎ ሴፕቴምበር ድረስና ከዛም በኋላ ተቀመጡ። ቁጥር_ሰው የካም ቶማስን 6 ሚሊዮን፣ ነጥብ ማግባት ዋጋ እንደሌለው ማስረጃ አድርጎ ማምጣቱ ትንሽ አግባብ አይደለም፣ ያ 6 ሚሊዮን ኳሊፋይንግ ኦፈር (ቲሙ ሪስትሪክትድ ለሆነ ተጫዋቹ የሚያቀርበው የአንድ ዓመት ኮንትራት) ነው፣ የገበያ ዋጋው አይደለም፣ በሚቀጥለው ሰመር ነፃ ለመሆን የከፈለው ዋጋ ነው ብትለው ይሻላል።

ቁጥር_ሰው፦
ስድስተኛው_ሰው ተቀብያለሁ፣ ምሳሌው ፍትሃዊ አልነበረም። ሃርተንስታይን ግን ይቆማል።

ሌሊት_ተመልካች ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። በሮቹን ብቻ ካየህ እኮ ማን በየትኛው በር እንደሚያልፍ አታውቅም። 14.1 ሚሊዮን ሚድ ሌቭል ለሁሉም ክፍት ነው፣ ለልጁ ነው የሚገባው ወይስ ለሌላ ሃያ ሰው? ያን የሚመልስልህ የኔ ስታት ነው። ካፕ ስፔስ ስላለ ብቻ የከፈሉ ሰዎች ናቸው 2016 ላይ ሞዝጎቭን፣ ዴንግን፣ ኖዋን ያስፈረሙት፣ ከዛ ሌከርስ ሞዝጎቭን ለማውጣት ዲአንጄሎ ራስልን ጨምሮ ነው ለብሩክሊን የሰጠው። ገዢው ስንት አለው ማለት ልክ ነው ግን ገዢውም ቤት እንደኔ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ እያሰላ ነው፣ ያውም ከኔ የተሻለ ዳታ ይዞ።

ሌሊት_ተመልካች፦
አልተጣላንም። ያንተ ስታት በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም ይነግረኛል፣ ደረጃዎቹ የት የት እንዳሉ ግን አይነግረኝም። እኔ በየሰመሩ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ያንተን ዓይነት ሂሳብ እሰራለሁ፣ 13 ከወጣና በሩ 14.1 ከሆነ 14.1 እላለሁ፣ 17 ወጥቶ ካፕ ስፔስ ያለው ቲም ከሌለ ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ ካለ ደግሞ ወደ ላይ እወስደዋለሁ፣ ምክንያቱም ያ ቲም የተጫዋቹ የድሮ ቲም ካለበት ጣሪያ በግልፅ የሚበልጥ ነገር ማቅረብ አለበት፣ 16 ብሎ መጥቶ ሰውን ከቤቱ አያስነሳም። ሌላው፣ የአንተ 4.4 ሚሊዮን ለአንድ ድል ለሁሉም ተጫዋች አማካይ ነው። ሩኪዎች (አዲስ ገቢዎች) ሊጉ በወሰነው የደሞዝ ስኬል ታስረው በርካሽ ያሸንፋሉ፣ ከላይ ያሉት ኮከቦች በማክስ ታስረዋል፣ የዴንቨሩ ኮከብ ዮኪች በነፃ ገበያ ቢሸጥ ከካፑ 35 በመቶ ላይ ይቆም ነበር ብለህ ታስባለህ? እነዚህ ሁለቱ በርካሽ የሚያመጡት ድል ስላለ መሃል ያለው ፍሪ ኤጀንት ላይ አንድ ድል ከ4.4 በላይ ነው የሚሸጠው።

ቁጥር_ሰው፦
ይሄ ትክክል ነው፣ እኔም አውቀው ነበር ለማቅለል ብዬ ነው የተውኩት (ይሄን የሚል ሰው ሁሉ ረስቶት ነው፣ አዎ ረስቼው ነው)። ለፍሪ ኤጀንት ብቻ ብትሰራው 5 ወይ ከዛ በላይ ይሆናል። በ5 ብትሰራው የ58 ጨዋታው 14.8 ይሆናል፣ ይሄው ከሚድ ሌቭሉና ከኧርሊ በርዱ መሃል።

ሪም_ላይ፦
ሴት ልጅ ገብታ ልታበላሽባችሁ ነው፣ ማንም ዓመቱን አላነሳም። እናንተ በዓመት ስንት ብቻ ነው የምታወሩት፣ ዋጋ ማለት ግን ስንት ዓመት፣ ስንቱ ጋራንቲድ (ምንም ቢፈጠር የሚከፈል)፣ ኦፕሽኑ የማን ነው ጭምር ነው። ብራውን 45 ሚሊዮን ይባላል እንጂ ሁለተኛው ዓመት ቲም ኦፕሽን (ቲሙ ካልፈለገ የሚተወው ዓመት) ነበር፣ ማለት ኢንዲያና የገዛችው አንድ ዓመት በ22 እና ሲዝኑ መሃል ለትሬድ (ለተጫዋች ቅያሪ) የሚሆን ትልቅ ደሞዝ ነው፣ በስድስት ወር ውስጥም ለሲያካም ትሬድ ቶሮንቶ ላኩት። ቫንቭሊትም በ2023 ሂዩስተን የሰጡት 3 ዓመት ከ128 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ሁሉም ጮኸ፣ ሦስተኛው ዓመት ግን ቲም ኦፕሽን ነበር፣ በ2025 ኦፕሽኑን ሳይወስዱ በ2 ዓመት 50 አስፈረሙት። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ዓመቱን እዩ፣ ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

እና የጉዳት ታሪክ ላለው ሰው ዋናው ይሄ ነው። ጉዳት በዓመቱ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀነሰው፣ ዓመቱ ላይ ነው። ቲሙ "15 እሰጥሃለሁ ግን 2 ዓመትና ሦስተኛው ቲም ኦፕሽን" ይላል፣ ኤጀንቱ "13 ይሁን ግን 4 ሙሉ ጋራንቲድ" ይላል። ልጁ 27 ነው፣ 4 ዓመት ከፈረመ ሲያልቅ 31 ነው፣ ሁለተኛ ትልቅ ኮንትራት በ31 እና በተጎዳ እግር አይገኝም፣ እኔ ኤጀንቱ ብሆን አሁኑኑ 4ን ነበር የማሳድደው፣ ዓመታዊውን ትንሽ ብቀንስ ግድ የለኝም። አይዛያ ቶማስ 2016-17 ላይ በጨዋታ 28.9 ነጥብ አግብቶ በኤምቪፒ (የሲዝኑ ምርጥ ተጫዋች) ምርጫ አምስተኛ ወጣ፣ ዳሌው ተጎዳ፣ በ2018 ዴንቨር ጋ በሚኒመም ፈረመ። በአስራ አምስት ወር ገደማ ውስጥ። ይሄን የሚያውቅ ተጫዋች ዓመት ይገዛል።

ባክቦርድ፦
ሪም_ላይ ምንም አላበላሸሽም፣ ይሄ ነው የጎደለኝ የነበረው። እኔ ራሴ በኮምፒውተር ከጓደኞቼ ጋ በምንጫወተው የጂኤም ሊግ (እንደ ቲም ሥራ አስኪያጅ የሚጫወቱበት) ላይ ጉልበቱ ለተጎዳ ሴንተር 4 ዓመት ሙሉ ጋራንቲድ ሰጥቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል፣ ሦስት ሲዝን ሙሉ የሚወስደው ሰው አጥቼ ፒክ (አዲስ ተጫዋች የመምረጫ ተራ) ጨምሬ ነው ያወጣሁት። ያኔም የዓመቱ ዋጋ ርካሽ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ፣ ታክስስ? ቴክሳስና ፍሎሪዳ የስቴት ታክስ የላቸውም ይባላል፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከላይ 13 በመቶ ትወስዳለች። ሂሳብ ውስጥ ይገባል?

ስድስተኛው_ሰው፦
ይገባል ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ተጫዋቹ የውጭ ጨዋታ ሲሄድ እዛ ለሚጫወተው ጨዋታ የዛን ስቴት ታክስ ይከፍላል፣ ስለዚህ ቴክሳስ ብትኖርም ሎስ አንጀለስ ስትጫወት ትከፍላለህ። ሁለት ኦፈር እኩል ሲሆን ያዘነብላል፣ 14ን ከ20 ጋ አያስተካክልም። ከታክስ በፊት ሚኑት እዩ፣ ማን ጋ ስንት ደቂቃ ይጫወታል የሚለው ለሚቀጥለው ኮንትራቱ ይበልጣል።

ሌሊት_ተመልካች፦
ስለ ሉክሸሪ ታክስ ከሆነ ግን የገዢው ጉዳይ ነው እና ትልቅ ነው። የራሱ ቲም ታክሱ መስመር ላይ ከሆነ (2025-26 ላይ 187.9 ሚሊዮን) ለልጁ 15.75 ቢሰጡት እውነተኛ ወጪው እጥፍና ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛውን አፕሮን ካለፉ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ትሬድ ላይ ሁለት ደሞዝ አጣምረው መላክ አይችሉም፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ያለው ፒካቸውም ይታሰራል። ብዙ ጊዜ "ለምን ለቀቁት" የምንለው ሰው የተለቀቀው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ደሞዙ አስራ አምስት ሚሊዮን ሆኖ ለቲሙ ግን ከነታክሱ አርባ ስለሆነ ነው። ካልድዌል ፖፕን ዴንቨር የለቀቀው ሲዝን ላይ ይሄ ወሬ ነበር ዋናው። ስለዚህ ባክቦርድ የልጁ ቲም ፔይሮል (የደሞዝ ድምር) ስንት ላይ ነው?

ባክቦርድ፦
ታክሱ ስር ነው፣ ልጁን በ15.75 ቢያስቀሩት ልክ መስመሩ ላይ ይደርሳሉ ብዬ አስባለሁ፣ አንድ ሁለት ሚሊዮን ወዲህ ወዲያ።

ሌሊት_ተመልካች፦
እንግዲህ 15.75ን አይሰጡትም። መስመሩን ላለመንካት 14 ተኩል ምናምን ይላሉ፣ ግን ጭማሪያቸው 8 በመቶ ስለሆነ እና ሚድ ሌቭል የሚሰጠው የውጭ ቲም 5 በመቶ ስለሆነ በ4 ዓመት ሲደመር አሁንም ይበልጣሉ፣ 14.5 በ8 በመቶ ብትሰራው 65 ሚሊዮን አካባቢ ይመጣል። ካፕ ስፔስ ያለው ቲም ካልገባ እዛ ያልቃል። ከገባ ሁላችንም ተሳስተናል።

ቁጥር_ሰው፦
እና ከገባ ባክቦርድ ትክክል ነበር፣ በተሳሳተ ሂሳብ።

ባክቦርድ፦
በተሳሳተ ሂሳብ ትክክል መሆን ከጓደኛዬ ጋ ሲሆን ይቆጠራል።

በቃ ወስኛለሁ። ለሱም አነበብኩለት፣ ሁለታችንም አሁን ቁጥር ቆልፈናል። እኔ ከራሱ ቲም ጋ 4 ዓመት በ65 ብያለሁ፣ 25ቱን ትቼዋለሁ፣ ግን ካፕ ስፔስ ያለው ቲም ይገባል የሚለውን በልቤ ይዣለሁ። እሱ ደግሞ 12ቱን ትቶ የውጭ ቲም በሚድ ሌቭል 3 ዓመት በ44.4 ይወስደዋል ብሏል፣ በደረጃው ሂሳብ ሰርቶ፣ ሰውዬው በአንድ ማታ ከስሜት ወደ ኤክሴል ተሸጋገረ። ጁን 30 ማታ በሩ ሲከፈት አብረን ነው የምንቀመጠው፣ ፊርማው ሲወጣ እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ፣ ስሙንም ያኔ እነግራችኋለሁ።

ሪም_ላይ፦
ከጁን 30 በፊት ሊያልቅ እንደሚችል አትርሳ፣ ከ2024 ወዲህ ቲሞች ፋይናሉ እንዳለቀ ከራሳቸው ፍሪ ኤጀንት ጋ መነጋገር ይችላሉ። ያንተ ግምት ልክ ከሆነ በሩ ሳይከፈት ነው የምትሰማው። ጁን 30 ድረስ ዝም ካለ ግን አንድ የውጭ ቲም አለ ማለት ነው።

ባክቦርድ፦
ይሄን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር፣ አሁን ፋይናሉ ካለቀ ጀምሮ ስልኬን አልለቅም።

ፒቮት፦
ኤጀንቱ ግን አሁንም ማን እንደሆነ አልነገርከንም።